ሁሉም የአያ ክንዱን አፍ ያያል

አምለሰት ከትምህርት ቤቱ የውሃ ታንከር ጀርባ ቁጢጥ ብላ የታችኛ ከንፈሯን በሁለት ጣቶቿ ገለበጠች። የያዘችው የመስተዋት ስባሪ ከክብሪት ቀፎ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ አፏን የምታየው በየተራ ነው፤ መጀመሪያ ከንፈሯን፣ ቀጥሎ የጉንጯን ውስጥ፣ በመጨረሻ ምላሷን። ቁስሎቹ ትናንት ሦስት ነበሩ። ዛሬ አራተኛው ከምላሷ ሥር ወጥቷል፤ ነጭ፣ ክብ፣ ዙሪያው የቀላ፣ የምስር ፍሬ የሚያህል።

«አንች! እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

መስተዋቱን እጅጌዋ ውስጥ ከተተችው። የመጣችው ያምሮት ናት። ሁለቱ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጡ፣ ከመንደራቸው እስከ ቡሬ ያለውን የአንድ ሰዓት መንገድ አብረው የሚመላለሱ ጓደኛሞች ናቸው። ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ደርሰው የሚኒስትሪ ፈተና ይጠብቃሉ።

«ምንም» አለች አምለሰት ከንፈሯን ብዙም ሳታላቅቅ።

«እስቲ አሳይኝ።»

«ተይኝ አልኩሽ።»

ያምሮት አገጯን ይዛ አየች። ፊቷ ተለዋወጠ። ዙሪያዋን ቃኘችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ሰው አይቷል?»

«አላየም።»

«እናትሽስ?»

«ምች ነው ብላ ዳማከሴ ታሻልኛለች።»

«ጥሩ። ማንም ቢጠይቅሽ ምች ነው በይ፤ እሽ?»

ያምሮት «ያምሻል ወይ» ብላ አልጠየቀችም። አምለሰት ግን አልተቀየመቻትም። እሷም ብትሆን ከሕመሙ ይልቅ የምትፈራው መታየቱን ነው። በመንደራቸው ከመጋቢት ወር ጀምሮ ሰው ሁሉ የቆሰለ አፍ እየፈለገ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በቦዩ ነው። መንደሩ በበጋ በርበሬና ድንች የሚያበቅለው ከወንዙ በተጠለፈ አንድ ቦይ ነው፤ ውሃውም በተራ ነው። ተራውን የሚያዝ፣ ቦዩን የሚያስከፍትና የሚያዘጋ፣ ሰው ሲጣላ የሚዳኝ ሰው ይመረጣል፤ የውሃ አባት ይባላል። አያ ክንዱ የውሃ አባት የሆኑት አምለሰት ሳትወለድ ነው። በገበያ ቀን ሰው ሁሉ ቡሬ ስለሚውል ለማንም ተራ አይሰጥም። በዚያ ቀን ቦዩን መንካት የሚችሉት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ያምሮት የአባቷን ተራ ያሳለፈችው በመጋቢት ወር በአንዱ ሐሙስ ነው። ከትምህርት ቤት ዘግይታ ስትደርስ ውሃው ወደሚቀጥለው ሰው ዞሮ ነበር። አባቷ አያ ወንዳወቅ «ድንቹን አጠጭ» ብለዋት ለጉዳይ ፍኖተ ሰላም ሄደዋል፤ እሑድ ይመለሳሉ። ድንቹ ውሃ ሳይጠጣ ቢያገኙት የሚሉትን ያምሮት ቃል በቃል ታውቀዋለች። «ትምህርቱ ሥራ ካስፈታሽ ይብቃሽ» ይላሉ። ከጥር ጀምሮ ለልጃቸው ፈልገዋት ሽማግሌ የሚልኩ ሰዎች ነበሩ፤ አባቷ «ፈተናዋን ትውሰድና» ብለው ነው ያቆዩዋቸው።

ስለዚህ በገበያው ቀን መንደሩ ጭር ሲል ሁለቱ ልጆች ወደ ቦዩ ወረዱ። ያምሮት የቦዩን አፍ የደፈነውን ድንጋይና ጭቃ ነቅላ ውሃውን ለቀቀች። «አንች እዚህ ጠብቂ፤ ሲበዛ ድፈኝው። እኔ ታች ድንቹ ውስጥ እመራዋለሁ» ብላት ሄደች። አምለሰት ቦዩ ዳር ካለው ሾላ ጥላ ሥር ተቀመጠችና የባዮሎጂ ደብተሯን ገለጠች። ከዚያ በኋላ የምታስታውሰው ነገር የለም።

እንቅልፍ ወሰዳት። በጠራራ ፀሐይ፣ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ እንደዘረጋች፣ ጭልጥ አለች። ስትነቃ ውሃው የቦዩን ጠርዝ ንዶ ቁልቁል ወደ እቴ እናኑ የበርበሬ ችግኝ መደብ ገብቷል። እቴ እናኑ ባላቸው የሞተባቸው፣ ሦስት ልጆች ብቻቸውን የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። ያላቸውን ዘር ሁሉ ያፈሰሱበት፣ ወር ሙሉ በሣር እየሸፈኑ በጣሳ ያጠጡት ችግኝ ሥሩ ወደ ሰማይ ተገልብጦ በደፈረሰው ውሃ ላይ ይንሳፈፍ ነበር።

ሁለቱም አልጮኹም። ቦዩን ደፈኑት፣ የእግራቸውን ዱካ በእጃቸው አጠፉት፣ ሮጡ። ወንዝ ዳር እግራቸውን ሲታጠቡ ያምሮት እጇን ጨበጠቻት።

«ከወጣ እኔ አለቀልኝ። አባቴ ለእነዚያ ሰዎች ይሰጠኛል። በሚካኤል ማይልኝ።»

አምለሰት ማለች።

በማግስቱ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ እቴ እናኑ ደጀ ሰላሙ ፊት ቆመው አለቀሱ። ቄስ ወልደ ዮሐንስም በመንደሩ ንብረት የጠፋበት ሰው ሲያመለክት እንደሚደረገው ግዝት ጣሉ። መስቀላቸውን ከፍ አድርገው «ያደረገም፣ ያየም፣ ሰምቶ ዝም ያለም እስኪናገር ድረስ አፉ የታሰረ ይሁን» አሉ። ሕዝቡ «አሜን» አለ። አምለሰትም አለች። በኋላ ስታስበው ሰውነቷን የሚወርራት ይኸው ነው፤ በገዛ ራሷ ላይ አሜን ማለቷ።

የሁሉም ዓይን ግን አያ ክንዱ ላይ ነበር። በገበያ ቀን ቦይ የሚከፍት ሌላ ማን አለ? ከእቴ እናኑ ጋር ደግሞ የድንበር ክርክር ነበራቸው። ሽማግሌው የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ስመው «እኔ አይደለሁም» ብለው ማሉ። ከሴቶቹ አንዷ እሳቸው እየሰሙ «በውሸት የማለ አፉ ይቆስላል። ምን ያስቸኩላል? እናያለን» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አያ ክንዱ በተቀመጡበት ሁሉ ሰው የሚያየው ዓይናቸውን ሳይሆን አፋቸውን ሆነ። ሲበሉ ያያቸዋል። ጠላ ሲጠጡ ያያቸዋል። የበርበሬ ወጥ ሲቀርብላቸው ፊታቸው ይኮማተር እንደሆነ ጎረቤት ለጎረቤት በዓይን ይጠቃቀሳል።

ቁስሉ የወጣው ግን አምለሰት አፍ ውስጥ ነው። ገና ሳምንት ሳይሞላ።

የአምለሰት እናት ዳማከሴ የማያድነው በሽታ አለ ቢሏት አታምንም። ቅጠሉን በመዳፏ አሽታ ጭማቂውን ልጇ አፍ ውስጥ ታንጠባጥባለች። ቁስሉ በሳምንት በዐሥር ቀን ይድናል፤ እናቷም «አላልኩሽም?» ትላለች። ከዚያ ሌላ ቦታ ይወጣል። እናቷ እንደገና ወደ ጓሮ ትወጣለች።

የቡሬ ሰው ወጥ ቀይ ነው። አምለሰት እያንዳንዱን ጉርሻ ሳታላምጥ ትውጠዋለች፤ እንባዋ ግጥም ሲል ጢስ የገባባት ትመስላለች። ጎረቤት ካለ አትበላም። ትምህርት ቤት ደግሞ ንባብ የደረሳት እንደሆነ በተዘጋ ጥርስ ታጉረመርማለች፤ ከኋላ ያሉት ልጆች «ምን ዋጠች?» እያሉ ሙድ ይይዙባታል።

በዚያ ላይ በራሷ ቅጣት ጣለች። ፋሲካ አልፎ ሰው ሁሉ ሲፈታ እሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም። ወተቷን ለታናሽ ወንድሟ ታሳልፋለች፣ የስንቋን ቆሎ ለያምሮት ትሰጣለች። በባዶ ሆዷ የምትወስደው ትምህርት ቤቱ በር ላይ የሚሸጠውን ሻይ ብቻ ነው። አንድ ቀን እናቷ ደረሰችባት።

«በኀምሳው ውስጥ የምን ጾም ነው? ቤተ ክርስቲያን ራሷ ብሉ ያለችበት ጊዜ!»

«አልራበኝም።»

«ፊትሽ ሰም መስሏልኮ ልጀ! አንች የደበቅሽኝ ምን ነገር አለ?»

«ፈተናው ነው» አለች አምለሰት።

ከሁሉ የከፋውን ለያምሮትም አልነገረቻትም። አፈር ያምራታል። ዝናብ ሲያካፋ የቤታቸው ግድግዳ የሚሸተው ሽታ ምራቋን ያመጣዋል። ከጓዳው ጥግ፣ ልስኑ ከተፈረፈረበት ላይ፣ በጥፍሯ ትጭርና ምላሷ ላይ ታሳርፈዋለች። ሲሟሟ ደስ ይላታል። ወዲያው ደግሞ ትንቀጠቀጣለች። አፈር ብላ ተብሎ የተረገመው ማን እንደሆነ ከልጅነቷ ጀምሮ በሰንበት ትምህርት ሰምታለች። የእባቡ ዕጣ ደረሰኝ ብላ ታምን ነበር። ጓዳው ውስጥ ብቻዋን ስትሆን ግድግዳው የሚያያት ይመስላት ጀመር።

በግንቦት ወር በአንዱ እሑድ የውሃ ተጠቃሚዎቹ አዲስ የውሃ አባት ለመምረጥ ሾላው ሥር ተሰበሰቡ። አያ ክንዱ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ማንም በስም አላነሣቸውም፤ ነገሩ በዙሪያቸው ይዞር ነበር እንጂ። «ውሃ የሚያዝ ሰው እጁም አፉም ንጹሕ ቢሆን ደግ ነው» አለ አንዱ። «እሱማ አፍን የፈጠረ ያውቃል። ጊዜውን ጠብቆ ያሳየናል» አለ ሌላው።

አያ ክንዱ ተነሡ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ወደ መሐል ገቡና ባርኔጣቸውን አውልቀው አፋቸውን ከፈቱ።

«እዩ!» አሉ። «ሁለት ወር ሙሉ በስርቆት ካያችሁኝ በግልጥ እዩኝ። እናኑ፣ አንችም ነይ። ምላሴን እይ። ጉንጬን እይ።»

ጣታቸውን አስገብተው ጉንጫቸውን ወደ ጎን ሳቡት። የቀሩት ጥርሶች አራት ቢሆኑ ነው። ምራቃቸው በአገጫቸው ላይ ወረደ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። አንድ ሕፃን ሳቀና እናቱ ጎሸመችው። እቴ እናኑ «እግዜር ይየው» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

አምለሰት ከሴቶቹ ኋላ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ቆማለች። ቁስሎቿ ባንድ ጊዜ ነደዱ። ተናገሪ፣ አሁን ተናገሪ ይላታል ልቧ። ትንሽ ራቅ ብላ የቆመችው ያምሮት አፈጠጠችባት። አምለሰት ነጠላዋን አጥብቃ ያዘች። ሌላ የውሃ አባት ተመረጠ። አያ ክንዱ ባርኔጣቸውን አንሥተው ብቻቸውን ወደ ቤታቸው አዘገሙ።

ከዚያ በኋላ ያ የተከፈተ አፍ ተከተላት። ዓይኗን ስትጨፍን ታየዋለች። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ክብ ሲሥሉ ታየዋለች። ከእንስራ ውሃ ልትቀዳ ጎንበስ ስትል ከእንስራው አፍ ውስጥ «እዩ» የሚል ድምፅ የሰማች መስሏት አንድ ጊዜ ጣሳውን ጥላ ሮጣለች።

በሳምንቱ ሰኞ ሰልፍ ላይ ሰንደቅ ዓላማው ሲሰቀል ምድሩ ዞረባት። መዝሙሩ ራቀ። ስትነቃ የባዮሎጂ መምህሩ በደብተር ያራግቡላታል፤ ያምሮት የወለቀ ጫማዋን ይዛ ታለቅሳለች። ከሰልፉ አንዱ «ፈተና ፈርታ ነው ባክህ» ሲል መምህሩ በዓይናቸው ዝም አሰኙት። «ይሄ የፈተና ፊት አይደለም» አሉ። ያምሮት እየደገፈቻት ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዷት።

የተቀበሏት ሲስተር ጦይባ ይባላሉ፤ ቡሬ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡ ሰዎች ልጅ ናቸው። ሻርፓቸውን አጥብቀው የሚያስሩ፣ ቶሎ ቶሎ የሚናገሩ፣ በሽተኛ ማሳቅ የሚወዱ ሴት ናቸው።

«አፍሽን ክፈች እስቲ።»

አምለሰት አልከፈተችም።

«የኔ እመቤት፣ የዘመን መለወጫ እስኪደርስ ልንጠብቅ ነው? ሚሌኒየሙ ገና ሦስት ወር ይቀረዋል።»

«ሰው ያያል» አለች አምለሰት በጣም በቀስታ።

ሲስተሯ መሳቃቸውን ተዉ። ተነሥተው መምህሩንና ያምሮትን ወደ ውጭ ሸኙና በሩን ዘጉት። አምለሰት አፏን ከፈተች። ሲከፈት እንባዋም አብሮ መጣ። ሲስተሯ አልደነገጡም። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» ብለው ጻፉ። ከዚያ የዓይኗን ታችኛ ቆብ ዝቅ አድርገው አዩ፤ ቀይ መሆን የነበረበት ነጭ ሆኗል። ጥፍሮቿን አገላብጠው አዩ፣ ጣቷን ወግተው አንድ ጠብታ ደም ወሰዱ።

«ይደክምሻል?»

«አዎ።»

«ቀን ቀን እንቅልፍ ይጥልሻል? በማይተኛበት ቦታ?»

አምለሰት ክው አለች። ማን ነገራቸው?

«የወር አበባሽ ስንት ቀን ይቆያል?»

ይህን የጠየቃት ሰው ኖሮ አያውቅም። መሬት መሬቱን እያየች «ስምንት… አንዳንዴም ዘጠኝ» አለች።

«ብዙ ነው?»

«እኔ እንጃ ሲስተር። የሌላውን ሰው አላውቅም።»

«አፈርስ? አፈር፣ ከሰል፣ እንደዚህ ያለ ነገር ያምርሻል?»

«ይሄንን እንዴት አወቁ?» አለች አምለሰት።

«አንቺ ብቻ መሰልሽ እንዴ? እዚህች ወንበር ላይ ተቀምጣ እያፈረች ይህንኑ የነገረችኝ ስንቷ ናት!» ሲስተሯ ወረቀቱን ወደ ጎን አደረጉ። «ስሚኝ የኔ ልጅ። ደምሽ አንሷል። ደማችን ውስጥ ብረት አለ። ብረቱ ሲያልቅ ይደክምሻል፣ ያዞርሻል፣ እንቅልፍ ይጥልሻል፤ አንዳንዱን ሰው አፈር ያሰኘዋል። አፋችን ውስጥ ያለው ቆዳ ደግሞ ቶሎ ቶሎ የሚታደስ ነው። ብረት ሲያጣ ይሳሳል፣ ይቆስላል፣ ድኖ ተመልሶ ይቆስላል። የአፍ ቁስል ሁሉ ከዚህ ይመጣል ማለቴ አይደለም። ያንቺ ግን ከደምሽ ጋር የመጣ ይመስለኛል።»

«ብረት? እንደ ማረሻው ያለ?»

«እንደሱ ያለ። ግን በጣም ትንሽ፤ ከምግብ የምናገኘው።»

አምለሰት ጣቶቿን አቆላለፈች። ሁለት ወር ሙሉ ያፈነችው ጥያቄ ወጣ።

«ሲስተር… ሰው በሐሰት ቢምል፣ ወይ ደግሞ ግዝት ሰምቶ ዝም ቢል፣ አፉ ይቆስላል?»

ይስቃሉ ብላ ጠብቃ ነበር። አልሳቁም።

«እኔ እስላም ነኝ፤ የቄሶቻችሁን ነገር እኔ አልፈታውም። በእኛም ዘንድ የሐሰት መሐላ ቀላል አይደለም። ግን አንድ ነገር ንገሪኝ። ቁስሉ መጀመሪያ የወጣብሽ መቼ ነው?»

«መጋቢት። ግዝቱ…» አቋረጠች። «መጋቢት ነው።»

«ከዚያ በፊት ምንም? ደኅና አድርገሽ አስቢ።»

ምንም ልትል ነበር። ግን የጥምቀት ዕለት ትዝ አላት። ሸንኮራ እየላጡ ሲበሉ ከንፈሯ ውስጥ እሳት ሆኖባት የራሷን ለያምሮት ሰጥታታለች። ያኔ «ሸንኮራው ቆረጠኝ» ነበር ያለችው። ከዚያም በፊት በኅዳር፣ በእሸት ጊዜ፣ ምላሷ ቆስሎ እናቷ ያንኑ ዳማከሴ አሽታላታለች። እንዴት ረሳችው? ያን ጊዜ ቁስሉ ቁስል ብቻ ነበር፤ ማንም አይፈልገውም፣ እሷም አትቆጥረውም ነበር።

«ጥምቀት» አለች። «ኅዳርም።»

«አየሽ? ያኔም ደምሽ ሳያንስ አልቀረም።»

ሲስተሯ የብረቱን ኪኒን በወረቀት ከረጢት ሰጧት። «በቀን አንድ። ከሻይና ከቡና ጋር እንዳትወስጂው፤ ሻይ ብረቱን ሰውነትሽ እንዳይወስደው ያደርጋል። በሎሚ ውሃ ይሻላል። ሰገራሽ ቢጠቁር አትደንግጪ። ቁስሉ ቢድንም ሦስት ወር አታቋርጪ። ይቺ የትል መድኃኒት ናት። ምስር፣ ጎመን፣ ሥጋም ሲገኝ ብዪ። ጾም ላይ ነሽ እንዴ?»

«አይ… በራሴ ነው።»

«እንግዲያው በራስሽ አቁሚው። በወሩ ደግሞ ተመለሺ፤ የወር አበባሽንም ነገር እናየዋለን።»

ያምሮት ውጭ ጥፍሯን እየበላች ጠበቀቻት። አምለሰት «ደም ማነስ ነው» ስትላት ዘላ አቀፈቻት። «ግዝቱ አይደለማ! ተገላገልን!» አለች። አምለሰት በያምሮት ትከሻ ላይ ሆና መንገዱን ታይ ነበር። መገላገሉን ጠበቀችው፤ አልመጣም።

ሰኔ ገባ። ቁስሎቹ ዳኑ፣ ሌላም ሳይወጣ ሦስት ሳምንት አለፈ። እናቷ ድሉን ለዳማከሴው ሰጠችው፤ አምለሰትም አልተከራከረቻትም። በልታ ትጠግብ፣ ክፍል ውስጥ ሳታንጎላጅ ትውል ጀመር። ግድግዳው ሸተተኝ ማለትም እየቀረ ሄደ። ፈተናውን እስከ መጨረሻው ጥያቄ ነቅታ ሠራች።

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። እሷ ግን ከበፊቱ የባሰ ፈራች። ቁስሉ እያለ የሚያሳድዳት ነገር ነበር፤ በየቀኑ እየተቀጣሁ ነው ትል ነበር፣ ቅጣቱም የአያ ክንዱን ስም የሚያጥብላቸው ይመስላት ነበር። አሁን የሚያሳድዳት የለም። የእሷ አፍ ንጹሕ ነው። የእሳቸውም ንጹሕ ነው። ለወንፈል ሥራ የማይጠሩት፣ ሰላምታ በሩቁ የሚሰጣቸው ግን እሳቸው ናቸው። ያ የተከፈተ አፍ ከኪኒኑ በኋላም አልለቀቃትም፤ እንዲያውም አሁን በደንብ ታየዋለች፣ አራቱን ጥርሶች፣ ምራቁን፣ ጉንጩን የሳበውን ጣት። ለእንቅልፏ መድኃኒት ተገኝቶለታል። ለዝምታዋ ሲስተር ጦይባ የጻፉላት ነገር የለም።

ፈተናው ያለቀ ዕለት ከያምሮት ጋር ወደ መንደር ሲመለሱ ድንገት ቆመች።

«ለአያ ክንዱ ልነግራቸው ነው።»

«ምን?» ያምሮት የሰማችውን አላመነችም። «አቦ አትቀልጂ! ድነሻልኮ። ሲስተሯ ራሷ ደም ማነስ ነው ብላለች። ማን አስገደደሽ?»

«ማንም።»

«ታዲያ?»

«አፋቸውን ከፍተው ያየኋቸው ለት የታመምኩት ሕመም አልዳነልኝም» አለች አምለሰት።

ያምሮት ዓይኗ እንባ ሞላ። «በሚካኤል ምለሽልኛል። አባቴ ይሰጠኛልኮ! እያወቅሽ?»

«አውቃለሁ። ስምሽን አላነሣም። የተኛሁት እኔ ነኝ፤ መተኛቴን ነው የምናገር።»

«ማን ከፈተው ሲሉሽስ?»

አምለሰት ይህን ጥያቄ ሳምንቱን ሙሉ ስታወጣና ስታወርድ ነበር የሰነበተችው። «መጀመሪያ ለእሳቸው ብቻ ነው የምነግራቸው» አለች። «አባትሽ የሚሰሙት እሳቸውን ነበር። እንዳይድሩሽ ምን እንደምናደርግ እጠይቃቸዋለሁ። መምህራችንም አሉ። አንችን ትቼ አልሄድም።»

ያምሮት እስከ መለያያው ድረስ ቀድማት ሄደች። አምለሰት ቁልቁል ወደ ቦዩ የሚወርደውን መንገድ ያዘች። ያምሮት ወደ ቤቷ ሁለት እርምጃ ሄደችና ቆመች።

አያ ክንዱ ሾላው ሥር ነበሩ። የውሃ አባትነቱ ቢቀርባቸውም ክረምት ከመግባቱ በፊት የቦዩን አፍ ደለል እየጠረጉ ነው። ማንም አልላካቸውም። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ጭቃውን በአካፋ ያወጣሉ። ሲያዩዋት ቀና አሉ።

«አምለሰት ነሽ? ፈተናው እንዴት ነበር ልጀ?»

«ደኅና ነበር አያ።»

«አፍሽስ? ዳነ?»

እግሯ መሬቱ ላይ ተተከለ። «ያውቁ ነበር?»

«በፋሲካ ማግስት በእናትሽ ደጅ ሳልፍ ስትበይ አየሁሽ። እንባሽ በጉርሻሽ ላይ ሲወርድ።»

«ታዲያ ለምን… ለምን ለሰው አልተናገሩም? ሰው ሁሉ የቆሰለ አፍ ሲፈልግ!»

ሽማግሌው አካፋቸውን ተደገፉ። «የልጅ አፍ በስንቱ ይቆስላል» አሉ። «እኔን ባዩበት ዓይን አንችን እንዲያዩሽ አልፈለግሁም።»

ከአምለሰት ኋላ በቁልቁለቱ ላይ ጠጠር ተንሸራተተ፤ ሰው እየወረደ ነው፣ ቆም እያለ፣ ደግሞ እየወረደ። ዞራ አላየችም። ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደች። አያ ክንዱ እያዩዋት ነው፤ አፏን ሳይሆን ዓይኗን።

«አያ» አለች። የትም አላመማትም። «ያን የገበያ ቀን፣ እዚህ ጥላ ሥር ተኝቼ ነበር።»